አዲሱን ኦፐሬቲንግ ሲስተም አልቀበልም የሚል ሰው ለውጥ ፈሪ ነውን?

አወያይ፦

ለዛሬ የቀረበው የመከራከሪያ ሐሳብ «ተጠቃሚዎች አዲስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም አንቀበልም የሚሉት ከሲስተሙ ጉድለት ይልቅ ለውጥን ከመፍራታቸው የተነሣ ነው» የሚል ነው። ኦፐሬቲንግ ሲስተም ስንል እንደ ዊንዶውስ ያለውን፣ ኮምፒውተሩንና በላዩ ያሉትን ፕሮግራሞች የሚያስተዳድረውን መሠረታዊ ሶፍትዌር ማለታችን ነው። ጉዳዩ አሁን የተነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ሆኖም ወደ ዊንዶውስ 11 ላለመሻገር የወሰኑ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ መሻገር ቢፈልጉ እንኳ ኮምፒውተራቸው የማይፈቅድላቸውም አሉ። ሐሳቡን የምትደግፉም ሆነ የምትቃወሙ ማስረጃችሁን ይዛችሁ ቅረቡ። ከዊንዶውስ፣ ከማክና ከሊኑክስ የትኛው ይበልጣል የሚለው የዛሬው ርዕስ አይደለም። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንዲጻፉ ተስማምተናል።

የኮምፒውተር መምህር፦

ሐሳቡን እደግፋለሁ። ዊንዶውስ ኤክስፒ በኦክቶበር 2001 ለገበያ ሲቀርብ ሰማያዊና አረንጓዴ ገጽታው የሕፃናት መጫወቻ ይመስላል ተብሎ ተተችቶ ነበር፤ የተገዛው ቅጂ ሕጋዊ መሆኑ በኩባንያው በኩል ካልተረጋገጠ እንዳይሠራ የሚያደርገው አሠራርም ብዙ ሰው አስቆጥቷል። ከዚያ በኋላ ግን ያው የተተቸው ኤክስፒ «ከእርሱ የተሻለ አልተሠራም» እየተባለ ከአሥር ዓመት በላይ የሙጥኝ ተያዘ፤ ድጋፉ ኤፕሪል 8 ቀን 2014 ካበቃ በኋላ እንኳ የተራዘመ ጥገና ለማግኘት ብዙ ገንዘብ ከፍለው እዚያው የቆዩ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ነበሩ። በእነዚያ ዓመታት የኤክስፒ ገጽታ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሰዉ ዓይን ነው።

ሁለተኛው ማስረጃዬ ማይክሮሶፍት በ2008 ያደረገው ሙከራ ነው። ኩባንያው ኤክስፒን ስለተካው ዊንዶውስ ቪስታ መጥፎ አስተያየት የነበራቸውን ሰዎች ሰብስቦ፣ «ሞሃቪ» የሚባል ገና ያልወጣ ሲስተም ነው ብሎ ራሱን ቪስታን አሳያቸው። ብዙዎቹ ወደዱት፤ ያዩት ቪስታ መሆኑ ሲነገራቸውም ተገረሙ። እንግዲህ የጠሉት ሲስተሙን ነበር ወይስ ወሬውን? ኢኮኖሚስቶቹ ዊልያም ሳሙኤልሰንና ሪቻርድ ዜክሃውዘር በ1988 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች ምርጫ ሲቀርብላቸው ባሉበት ለመቆየት እንደሚያዘነብሉ አሳይተዋል። እኛም «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» ስንል የኖርነው ይህንኑ ዝንባሌ ስለምናውቀው ነው።

የሲስተም አስተዳዳሪ፦

መምህር የጠቀሱት የሞሃቪ ሙከራ ጥሩ ማስታወቂያ ነበር፤ ማስረጃ ለመሆን ግን አይበቃም። ሰዎቹ ያዩት አስቀድሞ በተዘጋጀ ጥሩ ኮምፒውተር ላይ፣ ሲስተሙን በሚያውቅ ሰው አማካይነት የቀረበ አጭር ማሳያ ነው። የራሳቸውን ፕሪንተር አላገናኙም፤ የቆየ ፕሮግራማቸውን አልጫኑም፤ ማኅደረ ትውስታው ባነሰ አሮጌ ማሽን ላይ አልሞከሩትም። የቪስታ ችግር ደግሞ የነበረው እዚያ ላይ ነው።

ቪስታ በጃንዋሪ 2007 ለሕዝብ ሲቀርብ የስክሪን ካርድና የድምፅ ድራይቨሮች (ሲስተሙን ከመሣሪያዎቹ ጋር የሚያገናኙት ፕሮግራሞች) የሚሠሩበት መንገድ ከሥሩ ተቀይሮ ስለነበር የመሣሪያ አምራቾቹ በጊዜው አልደረሱም። በዚያው ዓመት «ቪስታ ይጭናል» የሚል ምልክት ተለጥፎባቸው የተሸጡ ኮምፒውተሮች የቪስታን ዋና ዋና ገጽታዎች ማሳየት አይችሉም በሚል ኩባንያው ተከሰሰ። ጉዳዩ በጋራ ክስነት እንዳይቀጥል በ2009 ፍርድ ቤት ቢወስንም፣ በክሱ ምክንያት ይፋ የወጡት የውስጥ ደብዳቤዎች ግን ተነበዋል። ከኩባንያው ከፍተኛ ኃላፊዎች አንዱ ምልክቱን አይቶ የገዛው ላፕቶፕ ኢሜይል ከማንበብ ያለፈ እንደማይሠራለት ገልጾ፣ «የ2,100 ዶላር የኢሜይል ማሽን» አለኝ ብሎ ጽፏል። በዚያው ሰነድ ክምር ውስጥ በ2007 ከተመዘገቡት የቪስታ ብልሽቶች ወደ 29 በመቶ የሚጠጉት ከአንድ የስክሪን ካርድ አምራች፣ ከኤንቪዲያ ድራይቨሮች የመጡ መሆናቸው ተመልክቷል። እንግዲህ የሠሪው ድርጅት ኃላፊ ያማረረበትን ነገር ተራው ተጠቃሚ ሲያማርርበት «ለውጥ ፈሪ» ማለት አግባብ አይመስለኝም።

የኮምፒውተር መምህር፦

ስለ ድራይቨሮቹ አልከራከርም። ነገር ግን በኦክቶበር 2009 የወጣውን ዊንዶውስ 7 ይመልከቱ። የተሠራው በቪስታ መሠረት ላይ ነው፤ የውስጥ ቁጥሩ እንኳ ከ6.0 ወደ 6.1 ነው የተሻገረው። ሰዉ ግን ቪስታን ጥሎ እርሱን አቀፈ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሦስት ዓመት የማይሞላ የመለማመጃ ጊዜ አይደለምን?

የሲስተም አስተዳዳሪ፦

በዚያ ጊዜ ውስጥ የተለማመደው ሰዉ ብቻ አይደለም፤ አምራቾቹ ድራይቨራቸውን ጽፈው ጨረሱ፣ በገበያ ላይ ያለው ኮምፒውተርም ጉልበቱ ጨመረ፣ ማይክሮሶፍትም ፈቃድ በመጠየቅ የሚያሰለቸውን መስኮት አሳነሰ። ጥያቄውን ገልብጬ ላቅርበው፦ ለውጥን መፍራት የአለመቀበል ዋና ምክንያት ቢሆን ኖሮ ትልቁ ለውጥ ትልቁን ተቃውሞ ሊያስነሣ ይገባ ነበር። በኦገስት 24 ቀን 1995 የወጣው ዊንዶውስ 95 ከቀደመው 3.1 ጋር ሲነጻጸር ተጠቃሚው የሚያየውን ሁሉ የቀየረ ነበር። ሰዎች ግን ለመግዛት በእኩለ ሌሊት ተሰለፉ። ለምን ቢሉ፣ ጥቅሙ በግልጽ ይታይ ስለነበር ነው። ከዚያ በፊት የአንድ ፋይል ስም ከስምንት ፊደልና ከሦስት ፊደል ቅጥያ እንዳይበልጥ የተወሰነ ነበር፤ አሁን እስከ 255 ፊደል ሆነ። አዲስ መሣሪያ ሲሰካ ሲስተሙ ራሱ መለየት ጀመረ። ከዊንዶውስ በፊት ለነበረው ለዶስ ሲስተም የተጻፉት የቆዩ ፕሮግራሞችም በአብዛኛው መሥራታቸውን ቀጠሉ። በአንጻሩ በ2012 የወጣው ዊንዶውስ 8 ከውስጥ ሲታይ ከ7 እምብዛም ያልራቀ ሲሆን ተቃውሞው ግን ከባድ ነበር።

የኮምፒውተር መምህር፦

የዊንዶውስ 95ን ምሳሌ በጥንቃቄ ብንይዘው ይሻላል። በዚያ ዘመን ከገዢዎቹ ብዙዎቹ የመጀመሪያ ኮምፒውተራቸውን የሚገዙ ሰዎች ነበሩ፤ የሚተዉት ልማድ ስለሌላቸው የሚያጡት ነገር አልነበረም። በ2012 ግን አብዛኛው ሰው በነበረው ሲስተም ላይ ዓመታት ያሳለፈ ነበር። ሁለቱን ትውልዶች ማወዳደር ፍርሃት የለም ለማለት አያስችልም፤ እንዲያውም ልማድ ባለበት ቦታ ተቃውሞ እንደሚኖር ነው የሚያሳየው።

የሒሳብ ሠራተኛ፦

እኔ የኮምፒውተር ባለሙያ አይደለሁም፤ ነገር ግን ስለ እኔ ዓይነቱ ሰው እየተወራ ስለሆነ ልናገር። «ልማድ» የሚለውን ነገር መምህር እንደ ድክመት ነው የቆጠሩት። የእኔ ሙያ ግማሹ ልማድ ነው። የትኛው ፋይል የት እንዳለ፣ የትኛው ሜኑ በስንተኛው ጭነት እንደሚከፈት እጄ ስለሚያውቀው ሐሳቤ በቁጥሩ ላይ ይሆናል። ይህ ለዓመታት የተከማቸ ችሎታ ነው፤ ሲስተሙ ሲቀየር ከዚህ ችሎታ የተወሰነው ዋጋ ቢስ ይሆናል፤ ካሣ የሚከፍለኝም የለም።

የዊንዶውስ 8ን ነገር ካነሣችሁ ዘንድ እኔም ከተማረሩት አንዷ ነበርኩ። የስታርት ቁልፉ ተነሥቶ በምትኩ ሙሉ ስክሪኑን የሚሸፍን፣ በጣት እንዲነካ የተሠራ ገጽ መጣ። የእኔ ኮምፒውተር ግን በጣት የሚነካ ስክሪን አልነበረውም። ለውጡ የተደረገው ኩባንያው ታብሌቱንና ኮምፒውተሩን በአንድ መልክ ለማስኬድ ስለፈለገ ነው፤ ይህ የእርሱ የንግድ ፍላጎት እንጂ የእኔ አልነበረም። በኦክቶበር 2013 በ8.1 ቁልፉን መለሱት፤ በ2015 በዊንዶውስ 10 ደግሞ ሜኑውን ራሱን መለሱት። ሠሪው በተግባር ያረመውን ነገር መጀመሪያ ላይ የተቃወመው ተጠቃሚ ፈርቶ ነበር ልንል ነውን?

ሶፍትዌር ሠሪዋ፦

በሁለቱም ወገን ያላችሁት ሰዎች ስለ ሲስተሙ ብቻ ነው የምታወሩት። ሰው ኦፐሬቲንግ ሲስተም አይጠቀምም፤ የሚጠቀመው ፕሮግራም ነው። ሲስተሙ የሚታወሰው ፕሮግራሙን አላሠራ ሲል ብቻ ነው። ስለዚህ አዲስ ሲስተም የሚወደደው ወይም የሚጠላው ሰዉ ደፋር ወይም ፈሪ በመሆኑ ሳይሆን፣ ትናንት ይሠራበት የነበረው ነገር ዛሬም የሚሠራ በመሆኑና ባለመሆኑ ነው።

የአፕልን ታሪክ ተመልከቱ። ይህ ኩባንያ የማክ ኮምፒውተሩን ፕሮሰሰር (ዋናውን የስሌት ቺፕ) ዓይነት በ1994፣ በ2006 እና በ2020 ቀይሯል፤ በ2001 ደግሞ ሲስተሙን ራሱን ከመሠረቱ በአዲስ ተክቷል። ከዚህ የበለጠ ለውጥ ሊኖር አይችልም። በእያንዳንዱ መሻገሪያ ላይ ግን የድሮውን ፕሮግራም በአዲሱ ላይ የሚያሠራ ድልድይ አብሮ አቅርቧል፦ በ1994 የቀድሞውን ፕሮሰሰር የሚያስመስል ፕሮግራም፣ በ2001 ክላሲክ፣ በ2006 ሮዜታ፣ በ2020 ሮዜታ 2። ሰዉ በብዛት ተሻገረ። ያው ኩባንያ በ2019 ካታሊና የተባለውን ቅጂ ሲያወጣ ግን ባለ 32 ቢት (በቀድሞው አሠራር የተጻፉ) ፕሮግራሞችን ያለ ምንም ድልድይ አቆመ፤ በዚህ ጊዜ በሚወዱት ፕሮግራም ምክንያት በቀደመው ቅጂ ላይ ለመቆየት የመረጡ ብዙዎች ናቸው። ሠሪውም ተጠቃሚውም ያው ነው፤ ልዩነቱ ድልድዩ ነው።

ድልድይ ብቻውን ግን አያድንም፤ ይህን ያልኩት ነገሩ ቀላል እንዳይመስል ነው። አይቢኤም በ1992 ያወጣው ኦኤስ/2 2.0 የተባለ ሲስተም የዊንዶውስ ፕሮግራሞችን በደንብ ያሠራ ነበር። ይህ ጥቅሙ ተመልሶ ጉዳቱ ሆነ፤ የእኔ ዓይነቱ ፕሮግራም ጻፊ ለዊንዶውስ ከጻፈው በሁለቱም ላይ የሚሠራለት ከሆነ ለኦኤስ/2 ብቻ የሚሆን ነገር ለመጻፍ ምን ያስደክመዋል? ለእርሱ ተብሎ የተጻፈ ፕሮግራም ከሌለ ደግሞ ተጠቃሚው የሚሻገርበት ምክንያት የለውም። የማይክሮሶፍት የስልክ ሲስተምም በሌላ መንገድ እዚያው ደረሰ። አሠራሩን ያደነቁ ገምጋሚዎች ብዙ ነበሩ፤ ሰዉ የሚፈልጋቸው መተግበሪያዎች ግን ስላልተሠሩለት የመጨረሻው ቅጂ ድጋፉ በ2020 መጀመሪያ ላይ አብቅቷል። አፕ በሌለበት ስልክ ተጠቃሚን መጠበቅ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

የደኅንነት ባለሙያ፦

ክርክሩ ስለ ምቾት ብቻ ሆኖ እንዳይቀር አንድ ነገር ልጨምር። አልሻገርም የሚለው ሰው ውሳኔ በእርሱ ላይ ብቻ የሚያበቃ ቢሆን ኖሮ እንደፈለገ ይሁን እል ነበር፤ ነገር ግን አያበቃም። ሜይ 12 ቀን 2017 የተለቀቀው ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ያለ ማንም ንክኪ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር እየተሻገረ በአጭር ጊዜ ውስጥ በብዙ አገሮች የሚገኙ ማሽኖችን ቆለፈ። በእንግሊዝ ሆስፒታሎች የሕሙማን ቀጠሮ ተሰረዘ። ቀዳዳውን የሚደፍነው ጥገና ግን በማርች ወር፣ ሁለት ወር ያህል ቀደም ብሎ ወጥቶ ነበር። ያልጫነው ሰው ለጎረቤቱ መተላለፊያ ሆነ። ከዚህ በኋላ «ኮምፒውተሩ የእኔ ነው፣ ምን አገባችሁ» የሚለው መልስ አይበቃም። የመጨረሻው ሰው ፈቃደኛ እስኪሆን ድረስ ኩባንያው ይጠብቅ ማለት ሌላውን ሁሉ ለአደጋ ማጋለጥ ነው።

የሲስተም አስተዳዳሪ፦

ስለ አደጋው ያሉት ሁሉ እውነት ነው፤ የተወሰደው ትምህርት ግን የተሳሳተ ይመስለኛል። በዋናክራይ ከተጠቁት ማሽኖች አብዛኞቹ ዊንዶውስ 7 የተጫነባቸው ነበሩ፤ ዊንዶውስ 7 ደግሞ በዚያን ጊዜ ድጋፉ አላበቃም፣ እስከ ጃንዋሪ 14 ቀን 2020 ድረስ የደኅንነት ጥገና ይሰጠው ነበር። እነዚያ ሰዎች ወደ አዲስ ሲስተም ባለመሻገራቸው አልተጠቁም፤ የተጠቁት በነበሩበት ሲስተም ላይ የተላከላቸውን ጥገና ባለመጫናቸው ነው። ሁለቱ የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። የዚህ ክርክር ፍሬ ነገርም እዚህ ላይ ያለ ስለሚመስለኝ ጊዜ ልውሰድበት።

ሰዎች የደኅንነት ጥገናን ማጥፋት ከየት ተማሩ? በ2015 እና በ2016 ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 7 እና 8.1 ተጠቃሚዎችን ወደ ዊንዶውስ 10 በነጻ እንዲሻገሩ ሲጋብዝ፣ ግብዣውን የሚያመጣው ፕሮግራም የተላከው፣ የደኅንነት ጥገና በሚመጣበት በዚያው በር ነበር። በ2016 ደግሞ ነገሩ ከግብዣ አለፈ። አንድ ሰው የግብዣውን መስኮት በቀይዋ የኤክስ ምልክት ሲዘጋው ማሻገሪያው አይሰረዝም ነበር፤ አስቀድሞ በተያዘለት ሰዓት ይቀጥላል። ለሃያ ዓመታት «ዝጋ፣ አልፈልግም» ማለት የነበረ ምልክት በዝምታ «እሺ» ማለት ሆነ። ከተቃውሞ በኋላ ግልጽ የሆነ የእምቢታ ቁልፍ ተጨመረ። አንዲት አሜሪካዊት ነጋዴ ያልጠየቀችው ማሻገሪያ ኮምፒውተሯን አበላሽቶ ሥራዋን አስተጓጎለው ብላ ከስሳ 10,000 ዶላር ተፈርዶላታል። በኦክቶበር 2018 ደግሞ የወጣው ትልቅ አፕዴት የአንዳንድ ሰዎችን የግል ፋይል መሰረዙ ስለታወቀ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተይዞ፣ ታርሞ በኖቬምበር እንደገና ተለቀቀ።

ተጠቃሚው ከዚህ ሁሉ የሚማረው አንድ ነገር ነው፤ አፕዴት የሚባል ነገር ሲመጣ አጥፋው። አስቸኳይ የሆነው የቀዳዳ መድፈኛና ማንም ያልጠየቀው አዲስ ገጽታ በአንድ ጥቅል ታስረው ሲመጡ፣ ሁለተኛውን የሚጠላ ሰው የመጀመሪያውንም አብሮ ይጥላል። ስለዚህ ጎረቤትን ለአደጋ ያጋለጠው ማን ነው ከተባለ፣ ጥፋቱን ሁሉ በተጠቃሚው ላይ መጫን አልችልም። እምነት ተበልቷል፤ የበላውም ተጠቃሚው አይደለም።

የደኅንነት ባለሙያ፦

ጥቅሉን መለያየት ይሻላል በሚለው እስማማለሁ፤ ለድርጅቶች የተዘጋጁ አንዳንድ ቅጂዎች እንደዚያ ናቸው። ለብዙ ዓመታት አራት ወይም አምስት የተለያዩ ቅጂዎችን እየጠገኑ መቆየት ግን ጥገናውን ራሱን ያዳክመዋል። ቀዳዳ የሚፈልጉት ሰዎች ጥገናው ለአዲሱ ቅጂ በወጣ ቀን ምን እንደተቀየረ አይተው በአሮጌው ላይ ይሞክሩታል። በተጨማሪም አንዳንድ መከላከያ ከውጭ የሚለጠፍ አይደለም፤ ከመሠረቱ ካልተሠራ አይሠራም። «አሮጌውን ብቻ ጠግኑልን» የሚለው ጥያቄ ይህን ይዘነጋል።

የጥገና ባለሙያ፦

ከሁላችሁም አንድ ሰው ተረስቷል፤ እርሱም የተከለከለው ነው። ዊንዶውስ 11 በኦክቶበር 2021 ሲወጣ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ቺፕ፣ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ማኅደረ ትውስታ፣ 64 ጊጋባይት ማከማቻ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በተፈቀዱት ዝርዝር ውስጥ ያለ ፕሮሰሰር ጠየቀ። ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች ጥቂቶቹ ሲቀሩ ስምንተኛው ትውልድና ከዚያ በኋላ የመጡት ብቻ ናቸው የተፈቀዱት፤ ያ ትውልድ የወጣው በ2017 ነው። በእጄ ከሚያልፉት ማሽኖች ውስጥ ከዚያ ዓመት በፊት የተሠሩ፣ ማኅደረ ትውስታ ተጨምሮላቸውና በፈጣን ዲስክ ተቀይረው ዛሬም ያለ እንከን የሚሠሩ ሞልተዋል። ባለቤቶቻቸው «ፈራን» አላሉኝም፤ የሚጠይቁኝ «ምን አጠፋሁ?» ብለው ነው። እነዚህን ሰዎች ከተቃዋሚዎች ጋር ደምሮ መቁጠርና ከዚያ በኋላ «ሰዉ ለውጥ ይጠላል» ብሎ መደምደም ትክክል አይደለም።

የሊኑክስ ወዳጅ፦

ለተከለከሉት መውጫ አለ፤ እርሱም በነጻ የሚገኘው ሊኑክስ የተባለ ሲስተም ነው። መሸጥ እንዳይመስልብኝ የከሸፈውንም የተሳካውንም አብሬ አቀርባለሁ፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲታዩ ሰው አዲስ ሲስተም የሚቀበልበት መንገድ ይገለጻልና።

የጀርመኗ የሙኒክ ከተማ አስተዳደር በ2003 ከዊንዶውስ ለመውጣት ወስኖ በ2013 ወደ 15,000 የሚጠጉ ኮምፒውተሮችን ወደ ሊኑክስ አሻገረ። በ2017 ግን የከተማዋ ምክር ቤት ወደ ዊንዶውስ ለመመለስ ድምፅ ሰጠ። ምክንያቱ ዛሬም ያከራክራል፤ ከሌሎች መሥሪያ ቤቶች የሚመጡ ሰነዶች አለመጣጣም፣ የከተማዋ የኮምፒውተር አገልግሎት በተበታተኑ ክፍሎች መመራቱ፣ የፖለቲካ አመራሩ መቀየር፣ ሁሉም ድርሻ እንደነበረው ይነገራል። ዣንዳርሜሪ የሚባለው የፈረንሳይ ፖሊስ በአንጻሩ ሲስተሙን መጀመሪያ አልነካም። በ2005 በዊንዶውስ ላይ እንዳለ የቢሮ ፕሮግራሙን ወደ ኦፕን ኦፊስ ቀየረ፤ ቀጥሎ የድረ ገጽ ማሰሻውን ፋየርፎክስንና የኢሜይል ፕሮግራሙን ተንደርበርድን አስገባ፤ ከ2008 ጀምሮ ደግሞ በእነዚህ ሥር ያለውን ሲስተም ኡቡንቱ ወደሚባለው የሊኑክስ ዓይነት መቀየር ያዘ። የፖሊሱ እጅ የለመደው ፕሮግራም በአዲሱም ላይ ያው ሆኖ ጠበቀው። ሶፍትዌር ሠሪዋ እኅታችን ስለ ድልድይ ያለችው ይኸው ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ድልድዩ የተሠራው በሠሪው ሳይሆን በተጠቃሚው መሥሪያ ቤት መሆኑ ነው።

ሊኑክስን ሳይጭኑ ከፍላሽ ላይ አስነሥቶ ማየት መቻሉም ቀላል ነገር አይደለም። ስለ አዳዲስ ነገሮች መስፋፋት በ1962 የጻፈው ኤቨረት ሮጀርስ፣ አንድ አዲስ ነገር ተቀባይነት እንዲያገኝ ከሚረዱት አምስት ባሕርያት አንዱ ሙሉ በሙሉ ከመቀበል በፊት በመጠኑ መሞከር መቻሉ እንደሆነ አስቀምጧል።

የኮምፒውተር መምህር፦

የሊኑክስ ወዳጃችን ሳይፈልግ ለእኔ መስክሯል። የሊኑክስ ተጠቃሚዎች ለውጥን ፈልገው የመጡ፣ ከሌላው ይልቅ በኮምፒውተር የሠለጠኑ ሰዎች ናቸው እንበል። በ2011 ጂኖም 3 እና የኡቡንቱ ዩኒቲ የተባሉት የሊኑክስ ገጽታዎች ሲመጡ የተነሣው ቁጣ ከዊንዶውስ 8 ቁጣ በምን ያንሳል? በውስጣቸው ጉልህ ብልሽት ስለነበረ ሳይሆን ሜኑው ቦታውን ስለለቀቀ ነው። ዩኒቲ በ2017 እንደሚተው ሲነገር ደግሞ «ለምን ይተዋል» ያሉ ሰዎች ተነሡ። ከዚህ የበለጠ የልማድ ማስረጃ ከየት ይመጣል?

ሶፍትዌር ሠሪዋ፦

መምህር፣ ቁጣው ተመሳሳይ መሆኑን አልክድም፤ ከቁጣው በኋላ የሆነው ግን አይመሳሰልም። ጂኖም 3ን ያልወደዱት ሰዎች የድሮውን ጂኖም ኮድ ወስደው ማቴ ብለው ቀጠሉበት፤ ሚንት የተባለው የሊኑክስ ዓይነት ሠሪዎች ደግሞ ሲናመን የተባለ ሌላ ገጽታ አወጡ። በአሮጌው መንገድ መሥራት የፈለገ እስከ ዛሬ እየሠራ ነው፤ የደኅንነት ጥገናም አልተቋረጠበትም። ቁጣው በዓመታት ውስጥ የበረደውም ለዚህ ይመስለኛል። የዊንዶውስ ተጠቃሚ ግን ቢቆጣም የሚሄድበት ሌላ በር የለውም። የሚያሳስበኝ ሰዉ መቆጣቱ አይደለም፤ ተቆጥቶ የሚያደርገው ነገር ማጣቱ ነው፤ ያን ጊዜ ነው ጥገናውን አጥፍቶ የሚቀመጠው።

ስለ ጥናት ከተነሣ ደግሞ ፍሬድ ዴቪስ በ1989 ያሳተመውንም አብረን እንይ። ሰዎች አንድን ፕሮግራም መጠቀማቸውን ይበልጥ የሚወስነው ቀላል ነው ብለው ማሰባቸው ሳይሆን ለሥራዬ ይጠቅመኛል ብለው ማሰባቸው ሆኖ ነው ያገኘው። እርስዎ እንዳሉት ልማድ ከሁሉ የሚበልጥ ኃይል ቢሆን ኖሮ ቀላልነቱ ነበር መቅደም የሚገባው።

የኮምፒውተር መምህር፦

የተከለከሉት በእኔ ሐሳብ ውስጥ እንደማይካተቱ እቀበላለሁ፤ የጥገና ባለሙያው በዚህ ትክክል ነው። አንድ ጥያቄ ግን ያልተመለሰ አለ። ማሽናቸው መስፈርቱን የሚያሟላ፣ ማሻገሪያው በነጻ የቀረበላቸው፣ ፕሮግራማቸውም በአዲሱ ላይ እንደሚሠራ የታወቀ ሰዎች አሉ። ድራይቨር የላቸውም አይባልም፤ ድልድይ አጡ አይባልም። እነዚህ እስከ ዛሬ በዊንዶውስ 10 ላይ የተቀመጡት ከፍርሃት ውጭ በምን ምክንያት ነው?

የሒሳብ ሠራተኛ፦

ከእነዚያ አንዷ እኔ ስለሆንኩ እኔው ልመልስ። ኮምፒውተሬ መስፈርቱን ያሟላል፤ ማሻገሪያው እንደቀረበልኝ የሚገልጸውም መልእክት በየጊዜው ይመጣልኛል። የምሠራበት የደመወዝ ፕሮግራም በዊንዶውስ 11 ላይ ይሠራል ተብሏል፤ «ይሠራል ተብሏል» እና «በእኔ ማሽን፣ በእኔ ፋይል ሠራ» ግን አንድ አይደሉም። ልዩነቱን የማውቀው ደመወዝ በሚከፈልበት ቀን ከሆነ የሚጠብቀኝ ሰው ብዙ ነው። ከተሻገርኩ በኋላ ወደ ቀድሞው የምመለስበት ጊዜ የተሰጠኝ አሥር ቀን ነው፤ የእኔ ሥራ ደግሞ የሚዞረው በወር ነው። ስለዚህ ችግሩ መኖሩን ከማወቄ በፊት የመመለሻው በር ይዘጋል።

በዚህ ምክንያት ለግል ተጠቃሚዎች እስከ ኦክቶበር 13 ቀን 2026 የተራዘመውን የደኅንነት ጥገና ተመዝግቤ ወስጃለሁ፤ ኔትወርኩ ላይ ላለ ለማንም መተላለፊያ አልሆንም። የምሻገርበትንም ቀን መርጫለሁ፤ የዓመቱ ሒሳብ ተዘግቶ፣ የመጠባበቂያ ቅጂው በሌላ ዲስክ ላይ ተቀምጦ፣ የወሩ ደመወዝ ከተከፈለ በኋላ ያለው የመጀመሪያው ቅዳሜ ነው።